ምርምር ለድኻው እግር ምን ጠቀመው?



ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ የላከ አባት አንድ ቀን የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። «እነዚህ ሊቃውንት የሚባሉት ሰዎች በዚያ በትልቁ ሕንጻ ተቀምጠው የሚመረምሩት ነገር ለእኛ ለባላገሮቹ ምን ይረባናል?» ይላል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ግብር የሚከፍል ሰው ገንዘቡ በምን ላይ እንደ ዋለ ሊጠይቅ ይገባዋልና። እኛም በቤተ ክርስቲያን ፊደል ቈጥረን፥ ዳዊት ደግመን፥ ዲቁና ከተቀበልን በኋላ በዘመናዊው ትምህርት ቤት አልፈን መምህር ስለ ሆንን፥ ይህ ጥያቄ ከሁለት ወገን ይደርሰናል፤ ከደጀ ሰላምም፥ ከትምህርት ቤቱ ግቢም። መልሱን በብዙ ቃል ከማራዘም ይልቅ አንድ ምሳሌ ማቅረብ ይሻላል ብለን፥ ስለ ዝሆኔ በሽታ ለመጻፍ አሰብን። ይህ በሽታ የሚይዘው ባዶ እግሩን የሚሄደውን ድኻ ነው፤ ስለ እርሱ የተደረገው ምርምር ግን ከድኻው እግር ተነሥቶ እስከ መንግሥት ዕቅድ ደርሷል።

እኛ የምናስተምርበት አገር የጎጃም ደጋ ነው፤ አፈሩ ቀይ፥ ክረምቱም ከባድ ነው። በገበያ ቀን ከመንገድ ዳር ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ለተመለከተ ሰው፥ እግሩ ከጕልበት በታች ያበጠ፥ ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት የሻከረ መንገደኛ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። በሽታው ሲጀምር እግርን ያሳክካል፤ ሌሊት ያቃጥላል። ቀጥሎም እብጠቱ አንድ ጊዜ ሲመጣ አንድ ጊዜ ሲሄድ ይቆይና በመጨረሻ አልወርድ ይላል። አልፎ አልፎ ደግሞ ድንገት ይነሣና ሰውየውን በትኩሳትና በብርድ ይጥለዋል። ያን ጊዜ ለብዙ ቀን ከመኝታው አይነሣም። እርሻው ይቆማል፤ ልጁም ከብት የሚጠብቅ ሌላ ሰው የለምና ከትምህርት ቤት ይቀራል። በእኛ የክፍል መዝገብ ላይ «ቀሪ» ተብሎ የሚጻፈው ምልክት፥ ብዙ ጊዜ የአባት ወይም የእናት እግር ምልክት ነው።

ዳሩ ግን ከእብጠቱ ይልቅ የሚከብደው የሰው ዐይን ነው። ሕመምተኛው በማኅበር ቤት ዳር ይዞ ይቀመጣል፤ በሠርግም ቤት ከኋላ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ጫማ ማውለቅ ስለሚገባ፥ አንዳንዱ እግሩን ማሳየት አፍሮ ከቅጽሩ ጥግ ቆሞ የሚያስቀድስ አለ። ስለ በሽታውም ምክንያት ሦስት ዐይነት አሳብ ሲነገር ሰምተናል። አንዱ «መርገም ነው» ይላል። ሁለተኛው «ይጋባል፤ አጠገቡ አትቀመጡ» ይላል። ሦስተኛው «የዘር ነው፤ ከእነርሱ ቤት ልጅ አትስጡ፥ ልጅም አትውሰዱ» ይላል። ከሦስቱ ክፉውን ሥራ የሚሠራው ይህ ሦስተኛው ነው፤ የገዛ ልጆችን ዕድል ይቈርጣልና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ጋብቻ ሽማግሌ ሆነን ተጠርተን ሄድን። ልጅቱ ቀድሞ ያስተማርናት፥ ዕድሜዋም ሥራዋም ለትዳር የበቃ፥ ጠባይዋ የተመሰገነ ነበረች። ቀኑ ሊቈረጥ ሲል የወጣቱ አባት ወደ ውጭ ጠሩንና ዐይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ፥ «መምህር፥ በልጅቱ እንከን አላወጣም፤ ነገር ግን የእናቷን እግር አይተዋል። እኔ የልጅ ልጆቼን እግር አስባለሁ» አሉን።

«እናቲቱ እኮ ጫማ ሳያደርጉ ያደጉ ናቸው፤ ልጅቱ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ባዶ እግሯን አልሄደችም» ብንላቸው፥ «መምህር፥ ዘር ጫማ አያውቅም» ብለው መለሱልን።

ጋብቻው በዚያው ቀረ። እናቲቱ ከጓዳ ሆነው ነገሩን ኹሉ ይሰሙ ኖሯል። ቡናውን ሌላ ሰው አቀረበው። ከዚያም ቀን በኋላ ለብዙ ወራት ከቤታቸው ደጃፍ አልወጡም።

«ዘር ጫማ አያውቅም» የሚለው ቃል እውነት ነውን? ይህን ጥያቄ ሽማግሌ በመሐላ፥ ባለጠጋም በገንዘቡ ሊፈታው አይችልም። የሚፈታው ብዙ ቤቶችን በመቍጠር፥ የታመመውንና ያልታመመውን በማስተያየት፥ ዓመታትን በመታገሥ ነው። ይህም የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው።

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። በብዙ የቈላ አገሮች እግርን የሚያሳብጠው ዝሆኔ የሚመጣው ትንኝ ከምታስተላልፈው ቀጭን ትል ነው። በእኛ ደጋ ግን ሐኪሞች በሕመምተኞቹ ደም ውስጥ ያን ትል ፈልገው አጡት። እንግዲህ ምክንያቱ ሌላ መሆን አለበት። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1960ዎቹ ኦመን የተባለ ሐኪም በኢትዮጵያ ገበያዎች እየዞረ ያበጡ እግሮችን ቈጠረ። ቀጥሎም በ1970ዎቹ፥ በአገራችን በሥጋ ደዌ ሕክምና ያገለግል የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሽታው ያለባቸውን ስፍራዎች ከአፈሩ፥ ከከፍታውና ከዝናቡ ጋር አስተያየ። በሽታው የሚገኘው ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ፥ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝ፥ ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጨ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ መሆኑን ተረዳ። የሕመምተኞቹንም ንፍፊት ሲመረምር በውስጡ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣት አገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘወትር ባዶ እግሩን በዚያ አፈር ላይ የሚሄድ ሰው፥ በዐይን የማይታዩ ቅንጣቶች በእግሩ ቆዳ ዘልቀው ይገባሉ። በሰውነታችን ከደም ሥር ሌላ፥ በሥጋ ውስጥ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ ወደ ደም የሚመልሱ ሊምፍ የሚባሉ ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉ። ቅንጣቶቹ እነዚህን ያቈስላሉ፤ እየቈየም ይደፍኗቸዋል። መመለሻ ያጣው ፈሳሽ በእግር ይቀራል፤ እግርም ያብጣል። ፕራይስ በሽታውን ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ ሰየመው፤ «እግር» እና «ትቢያ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የወጣ ስም ነው። እንግዲህ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አሳቦች በዚህ ብቻ መልስ አገኘን። መርገም ያልነው የአፈር ትቢያ ነው፤ ትቢያም ከሰው ወደ ሰው አይጋባም።

ሦስተኛው፥ የዘር ነገር ግን ገና አልተፈታም ነበር። በአንድ መንደር፥ በአንድ አፈር ላይ፥ ኹሉም ባዶ እግሩን እየሄደ አንዱ ሲታመም ሌላው ለምን ይድናል? ይህን ጥያቄ ያነሡት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2001 ጀምሮ የሕዝብ ጤና ያስተማሩት እንግሊዛዊቷ ሐኪም ጌል ዴቪና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ናቸው። በወላይታ የሕመምተኞችን ቤተ ሰብ እየተከታተሉ መረመሩ። በ2007 ባወጡት ጽሑፍ፥ ወንድሙ ወይም እኅቱ የታመመችበት ሰው ከሌላው ሰው ይልቅ አምስት ጊዜ ያህል ለበሽታው የቀረበ መሆኑን ገለጡ። በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ፥ ይህ ተጋላጭነት ሰውነት ባዕድ ነገርን ከሚለይባቸው የዘር ምልክቶች ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳዩ።

«እንግዲያውስ የወጣቱ አባት እውነታቸውን ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩን በጥሞና እንመልከተው። ደረቅ ሣር እሳት ሲያገኝ ይነዳል፤ እሳት ካላገኘ ግን መቶ ዓመት ቢደርቅም አይነድም። ሰው ከወላጆቹ የሚወርሰው የሣሩን ድርቀት ነው፤ እሳቱ አፈሩ ነው። የተጋለጠ ሰው እግሩ ከአፈሩ ካልተገናኘ አይታመምም። ስለዚህ ከአባትና ከእናት የሚወረሰው በሽታው አይደለም፤ ጫማ የማድረግ ግዴታ ነው እንጂ። «ዘር ጫማ አያውቅም» የሚለው ቃል በዚህ ይፈርሳል። ጫማ ዘርን ያውቀዋል፤ ይልቁንም ከጉዳት ይጠብቀዋል። ለሽማግሌውም ጋብቻ ከማፍረስ ይልቅ «ለልጅ ልጆቼ ጫማ የምገዛው እኔ ነኝ» ማለት ይሻላቸው ነበር።

እስካሁን የተናገርነው ምርምር ለአንድ ቤት የሰጠውን ጥቅም ነው። ለአገር የሰጠው ጥቅም ደግሞ ሌላ ነው። መንግሥት ብዙ በሽታ፥ ጥቂት ገንዘብ ያለው ባለ አደራ ነው። ገንዘቡን አስቀድሞ የሚያወጣው ሰው በሚገድለው በሽታ ላይ ነው። ዝሆኔ ግን ፈጥኖ አይገድልም፤ በሆስፒታል የሞት መዝገብ አይጻፍም፤ ሕመምተኛውም አፍሮ በቤቱ ይቀራል። ስለዚህ ለባለ ሥልጣን ዐይን አይታይም ነበር። እንዲታይ ያደረገው ቍጥር ነው። በ2006 ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ በወላይታ ባደረጉት ጥናት፥ ሕመምተኛው በዓመት ከሚሠራበት ቀን 45 ከመቶውን በበሽታው ምክንያት እንደሚያጣ ገለጡ። አንድ ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ባለበት በዚያ ዞን ብቻ ጉዳቱ በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደሚበልጥ፥ በአገር ደረጃም ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚደርስ አሰሉ። ከዚህ በኋላ «ይህ የጥቂት ምስኪኖች ነገር ነው» ማለት አልተቻለም።

ሌላም ቍጥር አለ፤ ይህኛው ለተማርነው ሰዎች የሚያሳፍር ነው። በ2010 በወጣ ጥናት በደቡብ ኢትዮጵያ የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች ሲጠየቁ፥ ከግማሽ የሚበልጡት በሽታው የሚጋባ መስሏቸው ነበር። ሐኪሙ ራሱ ከሸሸ ሕመምተኛው ወዴት ይሄዳል? ይህ ጥናት ትምህርቱ ከጤና ጣቢያው መጀመር እንዳለበት አመለከተ።

ወደ እኛም አገር ቍጥሩ መጣ። በ2012 በታተመ ጥናት መርማሪዎች በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች 17,553 ቤቶችን ዞሩ። በ1,319ኙ ቤቶች ቢያንስ አንድ ሕመምተኛ ተገኘ። ዐሥራ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች 3.3 ከመቶው ታመው ነበር። ይህን ቍጥር ለተማሪዎቻችን በሰሌዳ ላይ ጽፈን እንዲያካፍሉት አደረግን። ከዐሥራ ሦስት ወይም ከዐሥራ አራት ቤት አንዱ መሆኑን ሲያገኙ ክፍሉ ዝም አለ። ኹሉም አንድ ቤት ያውቅ ነበርና።

ቍጥሩ በቍጥርነት አልቀረም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 በሽታውን ችላ ከተባሉ የሐሩር አገር በሽታዎች መካከል ቈጠረው። በሰኔ ወር 2013 የኢትዮጵያ መንግሥት ችላ ስለ ተባሉ በሽታዎች ብሔራዊ ዕቅድ ባወጣ ጊዜ፥ ቅድሚያ ከሰጣቸው ስምንት በሽታዎች አንዱ ይህ ሆነ። በዚያው ዓመት በከበደ ደሪቤና በባልደረቦቹ መሪነት በ659 ወረዳዎች፥ በ1,315 የመንደር ማኅበረሰቦች፥ ወደ 130,000 የሚጠጉ ሰዎች ታዩ። በዚህም መሠረት በሽታው በ345 ወረዳዎች የሚገኝ መሆኑ ታወቀ፤ ለበሽታው በሚመች ስፍራ የሚኖረውም ሕዝብ 34.9 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተገመተ። የጤና ሠራተኛ ወዴት ይላክ፥ ጫማና ሳሙና ወዴት ይድረስ ለሚለው ጥያቄ ካርታ ተገኘለት ማለት ነው። ቀድሞ ግን ባለ ሥልጣኑ በጨለማ እንደሚዘራ ገበሬ ነበር።

አሁን የታመመው ሰው ምን ያድርግ ወደሚለው እንምጣ። ያበጠውን እግር ዕለት ዕለት በውሃና በሳሙና ማጠብ፥ የጤና ሠራተኛ መጥኖ በሚያሳየው መድኃኒት ማጽዳት፥ ማድረቅ፥ ቅባት መቀባት፥ በፋሻ መጠቅለል፥ እግርን ማንቀሳቀስ፥ ካልሲና ጫማ ማድረግ፤ ሕክምናው ይህ ነው። «ይህ ተራ ነገር በእውነት ይጠቅማልን?» ተብሎ ተጠየቀ። መልሱ የተገኘው በእኛው በምሥራቅ ጎጃም ነው። 696 ሕመምተኞች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን ትምህርቱንና ዕቃውን ወዲያው ተቀበለ፤ ሌላው ወገን ቈይቶ ተቀበለ። በ2018 በታተመው ውጤት መሠረት፥ ያን ድንገት እየተነሣ በትኩሳት የሚጥለውን ሕመም፥ የቈዩት በአንድ ሰው በዓመት 23.9 ጊዜ ሲታመሙት፥ እግራቸውን የታጠቡት 19.4 ጊዜ ታመሙት። ልዩነቱ ከአምስት አንድ ያህል ነው። ተአምር ነው አንልም። ነገር ግን በዓመት አራት ጊዜ ተኩል ያህል ከመኝታ መዳን ለገበሬ ምን ማለት እንደ ሆነ፥ በመኸር ጊዜ የተኛ ሰው ያውቀዋል።

ከላይ ያነሣናቸው እናትም ጤና ጣቢያው ይህን ሕክምና ማስተማር ሲጀምር፥ ልጃቸው እየደገፈች ወሰደቻቸው። እግራቸው እንደ ቀድሞው አልሆነም። ሽታው ግን ጠፋ፤ ቍስሉ ደረቀ። ዛሬ በእሑድ ቅዳሴ ከሴቶቹ መካከል ቆመው እናያቸዋለን።

የቤተ ክርስቲያን ልጆች ስለ ሆንን ሁለት ነገር እንጨምር። ስለ መርገሙ ነገር፥ ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ ኀጢአቱን በእርሱም በወላጆቹም ላይ እንዳላደረገ ኹላችን ሰምተናል። ከወንጌል በላይ ጨክኖ የሚፈርድ ጎረቤት መሆን አይገባንም። ደግሞም በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመናንን እግር ያጥባል፤ ይህ ያማረ እግር ነው፥ ያ ያበጠ እግር ነው ብሎ አይመርጥም። ጠበል መጠመቅና እግርን በሳሙና ማጠብም አይጋጩም። ዓለም አቀፉ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች በጎ አድራጎት ድርጅት በምሥራቅ ጎጃም ለዚህ በሽታ ሕመምተኞች የእግር ማጠቢያና የጫማ አገልግሎት ማቋቋሙ፥ ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ ያሳያል።

ይሁን እንጂ ምርምር ራሱ የማንንም እግር አያጥብም። ሊቃውንቱ ውጤታቸውን የሚያትሙት በእንግሊዝኛ፥ በውጭ አገር መጽሔት ነው። ያ ወረቀት ተተርጕሞ ወደ ገበያውና ወደ ደጀ ሰላሙ ካልመጣ፥ ባላገሩ የተቈጠረበትን ቍጥር ሳያውቅ ይሞታል። በዚህ ረገድ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ገና ዕዳ አለባቸው። ቤቱን ከፍቶ፥ እግሩን ገልጦ ለመርማሪ ያሳየ ገበሬ ውጤቱን በቋንቋው መስማት ይገባዋል። መምህራንና ካህናትም ያነበብነውን ማስተላለፍ የእኛ ድርሻ ነው።

የቤተ ሰቡ ድርሻ ደግሞ ይህ ነው። አንደኛ፥ በቀይ አፈር አገር ያለ ወላጅ ለበዓል ከሚገዛው ልብስ በፊት ለልጁ ጫማ ይግዛ። በረባሶ ከባዶ እግር ይሻላል፤ ዳሩ ግን አፈር በጎኑ ስለሚያስገባ እግርን የሚሸፍን ጫማ ይበልጣል። ልጁ ጫማውን የሚያደርገው ለትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን በእርሻና በከብት ጥበቃም ይሁን። ሁለተኛ፥ ማታ ማታ የቤተ ሰቡ ኹሉ እግር በሳሙና ይታጠብ። ሦስተኛ፥ እግሩን የሚያሳክከውና የሚያቃጥለው ሰው ሳያፍር በጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። አራተኛ፥ ለጋብቻ ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ስለ እናቲቱ እግር ሲነሣ ዝም አይበል፤ ከዚህ በላይ የተጻፈውን ይናገር።

እንግዲህ «የሊቃውንቱ ምርምር ምን ይረባናል?» ብሎ ለሚጠይቀው አባት መልሳችን ይህ ነው። ብዙ ዓመታት የፈጀው ቈጠራና ምርመራ ያስገኘልን ዕውቀት፥ የልጅዎን ልጅ በአንድ ጥንድ ጫማ ከዝሆኔ ማዳን እንደሚቻል ነው። ጫማውን መግዛት ግን ለዩኒቨርሲቲው አልተተወም፤ የእርስዎ ነው።